ንክሻና ቁስል፤ ስለ ተባዮችና ስለ ቈዳ ሕመም የባላገሩ ዕውቀት

የአማርኛ ተናጋሪ ሰው ከተባዮችና ከበራሪ ነፍሳት የሚደርስበትን ጉዳት በአንድ ግሥ ብቻ አይናገርም። ቁንጫ «በላኝ»፣ ትኋን «ፈጀኝ» ይላል፤ ንብ ግን ትነድፋለች እንጂ በላች አትባልም። ሙጀሌ ደግሞ አይበላም፣ አይነድፍምም፤ «ይገባል»። በደጋው አገር በልጆች ፊት ላይ የሚታየው ቁንጭር የተባለው ቁስል የያዘው ሰው እንደ ሆነ «ቁንጭር ወጣበት» ይባላል። ይህ «ወጣበት» የሚለው ግሥ እባጭና ብጉንጅ የሚነገሩበት ግሥ ነው፤ ሕመሙን ከሰውነት ውስጥ ፈልቶ ወደ ውጭ የወጣ ያስመስለዋል እንጂ ከውጭ የመጣ ነካሽ መኖሩን አያመለክትም። ይሁን እንጂ ቁንጭርም ደም ከሚመጥ ነፍሳት ንክሻ የሚመጣ ሕመም ነው።

ይህ የግሦች ልዩነት የቋንቋ ልማድ ብቻ ተብሎ ሊታለፍ አይገባውም። ግሦቹን ጎን ለጎን አድርጎ ለመረመራቸው ሰው፣ ሕዝቡ በንክሻውና በጉዳቱ መካከል ያለውን የጊዜ ርቀት የሚለካባቸው ሚዛኖች ሆነው ይገኛሉ። ነካሹ በዐይን በታየበትና ሕመሙ ወዲያው በተሰማበት ስፍራ ባላገሩ ነካሹን በስሙ ጠርቶታል፤ መከላከያውንም በአብዛኛው በትክክል አግኝቶታል። በንክሻውና በቁስሉ መካከል ወራት ወይም ዓመታት ባለፉበት ግን ነካሹ ሳይታወቅ ቀርቶ ጥርጣሬው በሌላ ነገር ላይ ወድቋል። ነገሩ የቃላት ጥናት ብቻ አለመሆኑ የሚገለጸውም እዚህ ላይ ነው፤ የሕመሙን መነሻ በተሳሳተ ስፍራ የፈለገ ሰው ሕክምናውንም በተሳሳተ ስፍራ ይፈልጋልና። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ንክሻ የተነካውን ቈዳ የሚያሳብጠው ምን እንደ ሆነ መረዳት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው እብጠቱ የነካሹ አፍ ከወጋው ቀዳዳ የመጣ ይመስለዋል፤ ቀዳዳው ግን ከመርፌ ጫፍ ያነሰ ስለ ሆነ ለብቻው ይህን ያህል አያደርስም። ደም መጣጭ ነፍሳት ደሙ እንዳይረጋባቸው ምራቃቸውን በቈዳው ውስጥ ያፈሳሉ። በምራቁ ውስጥ ያሉት ፕሮቲኖች ለሰውነት እንግዶች ስለሆኑ የሰውነት የመከላከያ ኀይል ይቈጣባቸዋል፤ ማሳከኩም፣ መቅላቱም፣ ማበጡም የዚህ ቍጣ ምልክቶች ናቸው። እንግዲህ የንክሻ ጉዳት ከነካሹ ይልቅ የተነካሹ ሰውነት ሥራ ነው ማለት ይቻላል። በአንድ ሌሊት በአንድ አልጋ ላይ ከተነከሱት ሁለት ሰዎች አንዱ ምንም ሳይሆን ሲነሣ፣ ሌላው ዐይኑ እስኪከደን ድረስ አብጦ የሚነሣበት ምክንያት ይኸው ነው።

ኬኔት ሜላንቢ የተባለው እንግሊዛዊ የነፍሳት ሊቅ በ1946 ባወጣው ጥናት፣ የቢምቢ ንክሻ በተደጋገመ ቍጥር የሰው ቈዳ አምስት ደረጃዎችን እንደሚያልፍ አሳይቷል። ቀድሞ ተነክሶ የማያውቅ ሰው በመጀመሪያ ምንም አይታይበትም። ቀጥሎ ንክሻው ዘግይቶ፣ በማግሥቱ ገደማ፣ ማበጥ ይጀምራል። በሦስተኛው ደረጃ ወዲያው ያብጣል፤ በማግሥቱም ይደገማል። በአራተኛው ወዲያው ብቻ አብጦ ይከስማል፤ በመጨረሻም ሰውነቱ ለምዶት ምንም አይሆንም። ይህን ቅደም ተከተል ያወቀ ሰው በየመንደሩ የሚታየውን ነገር ለመረዳት አይቸገርም። ከከተማ ወደ ገጠር ለዕረፍት የሄደ ተማሪ ገላውን ሲያክ ሲያድር፣ ከርሱ ጋር በአንድ መደብ ላይ የተኙት አያቱ ግን እንቅልፋቸውን ጠግበው ይነሣሉ። ባላገሩ ይህን ሲፈታው «ደሙ ይጥማቸዋል» ይላል። ትርጓሜው ቢሳሳትም የተመለከተው ነገር እውነት ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ኢትዮጵያን የጐበኙ አውሮፓውያን ስለ ቁንጫ አብዝተው ማማረራቸውም ከቅንጦት ብቻ የመጣ አልነበረም፤ ቈዳቸው ገና በሁለተኛውና በሦስተኛው ደረጃ ላይ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ በዚህ የሚሠቃዩት ሕፃናት ናቸው። ከሁለት ዓመት ጀምሮ እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ባሉት ልጆች እግርና ወገብ ላይ ጠንካራና እጅግ የሚያሳክክ ሽፍታ ይወጣል፤ አንዳንዱም ጫፉ ውሃ ይቋጥራል። የዚህ ሽፍታ ጠባይ እናቶችን ያሳስታል፤ አንድ አዲስ ንክሻ ከሳምንታት በፊት የከሰሙትን አሮጌ ንክሻዎች ሊቀሰቅሳቸው ስለሚችል፣ ሽፍታው ሁሉ ባንድ ቀን ከውስጥ የወጣ ይመስላልና። ስለዚህም ምግብ አልተስማማውም በማለት ከልጁ እንቍላሉን ወይም ወተቱን የሚከለክሉ አሉ። እዚህ ላይ ንክሻው የልጁን ቈዳ ብቻ ሳይሆን ምግቡንም ይነካል። ቤተ ሰቡ በሙሉ በአንድ ቤት እያደረ ልጁ ብቻ መታመሙ የንክሻን ጥርጣሬ እንደሚያርቅ ተደርጎ ይቈጠራል፤ ይሁን እንጂ ከላይ እንደ ተነገረው ትልልቆቹም እኩል ይነከሳሉ፤ ቈዳቸው መቈጣቱን ትቶ ነው።

ቁንጫንና ትኋንን ለመከላከል በቤት ውስጥ የሚሠራው ሥራ ብዙ ማስተዋል ያለበት ነው። ወለሉን በእበት መለቅለቅ ለውበት ብቻ የሚደረግ የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን የቁንጫ እጭ የሚያድገው በወለል ስንጥቅ ውስጥ በሚከማቸው አቧራ ውስጥ ስለ ሆነ፣ ስንጥቁን የሚደፍን ልቅለቃ የቁንጫን ጎጆ ይዘጋበታል። ጀንዲውንና አጎዛውን ፀሐይ ላይ ማስጣት፣ ልብሱን በፈላ ውሃ መቀቀል፣ በእንዶድ ማጠብም እንዲሁ ነው። (የእንዶድ ፍሬ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ ያስተዋለው ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር እንደ ነበረ የታወቀ ነው።) ቤቱን በጥንጁት ወይም በወይራ ማጠን ቢምቢንና ትንኝን ያርቃል፤ በግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ የተሸሸገውን ትኋን ግን ጢሱ አይደርስበትም፤ ቢደርስበትም አይገድለውም። ለዚህ ሁሉ ልፋት ትኋን የማይሸነፈውም በዚህ ነው።

በቈዳው ላይ በቀጥታ የሚደረጉት መድኀኒቶች ግን እንደ መከላከያው አይመሰገኑም። ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስና እርጥብ ጨርቅ ማኖር በእውነቱ ማሳከኩን ያበርዳል። ነጭ ሽንኩርት ወቅጦ በቁስሉ ላይ ማሰር ግን፣ በተለይ በሕፃን ገላ ላይ፣ እንደ እሳት አቃጥሎ ውሃ ያስቋጥራል፤ ሎሚ የተቀባ ቈዳም ለፀሐይ ከተጋለጠ ይቃጠልና ለብዙ ጊዜ የሚቈይ ጥቍር ምልክት ይተዋል። ሐኪሞች የሚሰጡት የፀረ ሂስታሚን ክኒንና ለጥቂት ቀናት የሚቀባ የኮርቲዞን ቅባት ነው። ከሁለቱም በፊት ግን የልጁን ጥፍር መቍረጥ ይቀድማል። ንክሻው ራሱ በጥቂት ቀናት ይጠፋ ነበር፤ በጥፍር የተቀደደው ቈዳ ግን ለባክቴሪያ በር ይከፍታል፤ መግል ይይዛል፤ አንዳንዱ የባክቴሪያ ዐይነትም ከሳምንታት በኋላ ኵላሊትን እስከ ማሳበጥ ይደርሳል።

በዚህ ረገድ ከጊዜ የሚገኝ አንድ መለያ አለ። በንክሻው በሰዓታት ውስጥ ያበጠ፣ የሚያሳክክና የሚሞቅ ገላ፣ እብጠቱ ክንድን በሙሉ ቢይዝ እንኳ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሰውነት ቍጣ ነው። ሲመንስና ፔንግ የተባሉ ሐኪሞች በ1999 እንደ ገለጹት፣ በቢምቢ ንክሻ ብቻ ትኵሳት እስኪይዛቸው ድረስ የሚያብጡ ሕፃናት አሉ፤ እነዚህም መግል ይዟል በማለት ያለ ምክንያት የባክቴሪያ መድኀኒት ይሰጣቸው ነበር። በአንጻሩ ደግሞ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማሳከኩ ወደ ጥዝጣዜ ተለውጦ፣ ቅላቱ ዕለት ዕለት እየሰፋ የሚሄድ እንደ ሆነ ባክቴሪያ ገብቶበታልና ወደ ሕክምና መውሰድ ያሻል።

ንብ ከእነዚህ ትለያለች። ደም ፈልጋ አትነክስም፤ ቀፎዋን ለመከላከል ትነድፋለች፤ የምታፈሰውም ምራቅ ሳይሆን መርዝ ነው። በኢትዮጵያ የንብ ክብር ትልቅ ነው፤ የላሊበላ ስም ራሱ በሕፃንነቱ ከከበቡት ንቦች ጋር የተያያዘ መሆኑ በገድሉ ይነገራል። ማር ቈራጩ በሌሊት፣ የኩበት ጢስ ይዞ ወደ ቀፎው ይቀርባል፤ መነደፍንም እንደ ሥራው ዕዳ እንጂ እንደ ሕመም አይቈጥረውም። በዓመት ከ200 ጊዜ በላይ የሚነደፉ ንብ አናቢዎች ሰውነታቸው መርዙን ስለሚለምድ ብርቱ ጉዳት እምብዛም አያገኛቸውም። አደጋው የሚበዛው በዓመት ጥቂት ጊዜ ብቻ በሚነደፉት ላይ ነው።

የዚህ አደጋ ጠባይ ለተራ አስተያየት እጅግ የሚያስቸግር ነው። ቀድሞ ተነድፎ ምንም ያልሆነ ጐልማሳ በአንድ ንድፊያ ብቻ፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ገላው በሙሉ በሽፍታ ተሞልቶ፣ ጕሮሮው ተዘግቶ፣ ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ሻርል ሪሼና ፖል ፖርትዬ የተባሉ ፈረንሳውያን ሊቃውንት በ1902 ይህን ነገር በውሻ ላይ መርምረው፣ የመጀመሪያው መርዝ ሰውነትን ከመጠበቅ ይልቅ ለሁለተኛው መርዝ አሳልፎ እንደሚሰጠው ገለጹ፤ ሪሼም ስለዚህ በ1913 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ሰው «ባለፈውም ነድፋኝ ነበር፣ ምንም አላደረገችኝም» ብሎ የሚጽናናው እንግዲህ በከንቱ ነው። በዚህ ጊዜ ሕይወት የሚያድነው አድሬናሊን ነው፤ ለዐዋቂ 0.5 ሚሊግራም በጭን ጎን ሥጋ ይወጋል። ሽንኩርትና ቅቤ ፍለጋ የሚጠፋው ጊዜ ከዚህ ሕመምተኛ ዕድሜ ላይ የሚቈረጥ ነው። ከአደጋው የተረፈ ሰው ደግሞ የንብ መርዝን በጥቂት በጥቂቱ እየተወጋ ሰውነቱን ማስለመድ ይችላል፤ የዚህ ሕክምና ፍሬ በ1978 በተደረገ ምርመራ ተረጋግጧል።

መውጊያውን ስለ መንቀል የቀድሞ መጻሕፍት በጥፍር አትቈንጥጡት፣ በቢላዋ ጀርባ ፋቁት ይሉ ነበር። በ1996 የወጣ ጥናት ግን ዋናው ነገር ፍጥነቱ እንጂ አነቃቀሉ አለመሆኑን አሳየ፤ የመርዙ ከረጢት ከያዘው 90 በመቶ የሚሆነውን በ20 ሴኮንድ ውስጥ ይጨርሳልና። ነቅሎ መጣልን የሚያውቀው ባላገር ከመጽሐፉ ይልቅ ትክክል ነበር።

የሙጀሌ ነገር ደግሞ በሌላ መልክ ያስደንቃል። ሙጀሌ በትውልዱ የአሜሪካ አህጉር ተባይ ነው። ወደ አፍሪካ በሰፊው የገባው በ1872 ከብራዚል ተነሥታ አንጎላ ውስጥ አምብሪዝ በተባለው ወደብ በደረሰች መርከብ እንደ ሆነ ይነገራል፤ በሃያ ዓመት ያህል ጊዜም የነጋዴውን፣ የተሸካሚውንና የወታደሩን እግር ተከትሎ አህጉሩን አቋርጦ ምሥራቅ አፍሪካ ደረሰ። ስለዚህ ሙጀሌ የሚለው ቃል ለዚህ ተባይ ስም ሆኖ የቈየበት ዘመን ቢበዛ ከአንድ መቶ ኀምሳ ዓመት አያልፍም፤ ከዚያ በፊት ይነገር ከነበረ የሌላ ነገር ስም ነበር ማለት ነው። ይህን ያህል አጭር በሆነ ዘመን ውስጥ ሕዝቡ የተባዩን ጠባይ አጥንቶ፣ ስም አውጥቶለት፣ ሕክምናውንም አደላድሏል።

ይህ የሆነው ነካሹ ከቁስሉ ስለማይለይ ነው። ሴቷ ሙጀሌ በእግር ጣት ሥር ወይም በጥፍር ዙሪያ ገብታ በሁለት ሳምንት ያህል ጊዜ አተር እስክታክል ታብጣለች፤ እንቍላሏንም በትንሿ ቀዳዳ ወደ ውጭ ትጥላለች። ያወጣት ሰው በወስፌው ጫፍ ላይ ያያታልና ስለ መነሻው አይጠራጠርም። ቈዳውን በመርፌ ዙሪያውን ፈልፍሎ፣ ከረጢቷን ሳያፈርጥ በሙሉ ማውጣት እጅ የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ በየመንደሩም በዚህ የታወቁ ሴቶች አይጠፉም። ጕድለቱ ከመርፌው ላይ ነው። በእሳት ሳይለበለብ ከአንዱ ልጅ ወደ ሌላው የሚተላለፍ መርፌ የደም በሽታን ያጋባል፤ በባዶ እግር አፈር የሚረገጥበት ጕድጓድም የመንጋጋ ቈልፍ በሽታ መግቢያ ይሆናል። በቅርብ ዘመን የተፈተነው ዲሜቲኮን የተባለው ቅባት ተባይዋን አፍኖ በቈዳው ውስጥ እንዳለች ይገድላታል፤ መርፌም አያስፈልገውም። ሆኖም በመሠረቱ ሙጀሌ የጫማና የወለል ጕዳይ ነው።

እስከዚህ ድረስ የተነገሩት ሁሉ ነካሹ የሚታወቅባቸው ናቸው። ከዚህ በኋላ ያሉት ሁለቱ ግን ነካሹ ራቅ ብሎ የቆመባቸው ናቸው። የመጀመሪያው በካፋና በሸካ፣ በኢሉባቦርና በሌሎች የምዕራብ ወንዞች ዳር የሚገኘው የጥቁር ዝንብ ጕዳይ ነው። ይህች አነስተኛ ዝንብ በፈጣን ወንዝ ድንጋይ ላይ ትራባለች፤ በቀን ትነክሳለች፤ የነከሰችበትም ስፍራ የደም ነጥብ ያሳያል። ንክሻዋ የታወቀ ነው። በንክሻው የሚገባው ትል ግን ልጆቹን በቈዳ ውስጥ የሚያሰማራው ከአንድ ዓመት ያህል በኋላ ስለ ሆነ፣ ዓመታት የሚቈየውን እንቅልፍ የሚነሣ እከክ ከዝንቧ ጋር ለማያያዝ ከተራ አስተያየት በላይ የሆነ ዕውቀት ያስፈልግ ነበር። ለሊቃውንትም ቢሆን ቀላል አልሆነም፤ ኦኒል የተባለው ሐኪም በ1875 በምዕራብ አፍሪካ ትሎቹን በሕሙማን ቈዳ ውስጥ ካየ በኋላ፣ ብላክሎክ በሴራሊዮን የጥቁር ዝንብን ጥፋት እስኪያሳይ ድረስ 51 ዓመት አልፏል። በኢትዮጵያ በሽታው በ1939 በካፋ አካባቢ ታወቀ። አይቨርሜክቲን የተባለው መድኀኒት ከ1987 ጀምሮ በነጻ መሰጠት ጀመረ፤ በኢትዮጵያም ከ2001 ጀምሮ በካፋና በሸካ ለሕዝቡ ታድሏል። መድኀኒቱን በወሰዱ በማግሥቱ ማሳከኩ የሚብስባቸው ሰዎች መድኀኒቱ አልተስማማኝም ብለው ሁለተኛ መቀበል እንዳይተዉ፣ የሚያሳክከው የሞቱት ትሎች ሬሳ መሆኑ ሊነገራቸው ይገባል።

ሁለተኛው ቁንጭር ነው። በትግራይ ጊዝዋ፣ በስልጤ ሻህኝ፣ በጋሞ ደጋ በኦቾሎ ቦልቦ ይሉታል። ከባሕር ወለል በላይ ከ1400 እስከ 2700 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላቸው፣ ገደልና ዋሻ በበዛባቸው ስፍራዎች ይገኛል፤ በወሎ ደሴ አጠገብ ያለችው ኩታበርና በገደል አናት ላይ የተሠራችው ኦቾሎ ለሊቃውንት ዋና መማሪያ ሆነዋል። በ1913 ማርቶልዮ የተባለ ጣልያናዊ ስለ በሽታው ጻፈ፤ አሽፎርድ፣ ብሬይና ባልደረቦቻቸው በ1973 እንዳሳዩት ደግሞ የሕመሙ ምክንያት ሌሽማንያ ኤትዮፒካ ተብላ በኢትዮጵያ ስም የተጠራች ረቂቅ ነፍስ ናት። መኖሪያዋ በገደል ስንጥቅ የሚኖረው ሽኮኮ ነው፤ ከሽኮኮ ወደ ሰው የሚያጋባትም የአሸዋ ዝንብ ናት። በ2012 በታተመ ግምት በኢትዮጵያ በየዓመቱ ከ20,000 እስከ 50,000 የሚደርሱ ሰዎች በዚህ ቁስል ይያዛሉ።

የአሸዋ ዝንብ ከማንኛውም ነካሽ ይልቅ ለመሰወር የተዘጋጀች ትመስላለች። ቁመቷ ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ነው፤ እንደ ቢምቢ ጥዝዝ አትልም፤ በሌሊት፣ ሰው በተኛበት፣ በዝግታ እየዘለለች ትመጣለች። እንደ ቢምቢም በውሃ ውስጥ አትራባም፤ በዋሻና በስንጥቅ ባለ እርጥብ አፈር ውስጥ ታድጋለች። የአጎበር ቀዳዳ ለቢምቢ የጠበበ ቢሆንም ለርሷ ሰፊ ነው፤ ስለዚህ በመድኀኒት ያልተነከረ አጎበር እምብዛም አያግዳትም። ከዚህም ሁሉ በላይ ንክሻዋ ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ እንጂ ቁስል ሆኖ አይታይም። በጥቅምት የተነከሰ ልጅ በጥር ወይም በየካቲት ጕንጩ ላይ ትንሽ እብጠት ቢያወጣ፣ የትኛዋ ሌሊት፣ የትኛዋ ነካሽ ብሎ የሚጠይቅ አይገኝም። «ወጣበት» የሚለው ግሥ እንግዲህ የድንቍርና ምልክት ሳይሆን የታየውን በታማኝነት የሚናገር ግሥ ነው። በኦሮምኛ «ስምቢራ ሀልከኒ» የሚል ስምም አለው፤ ትርጕሙ የሌሊት ወፍ ማለት ነው። በሌሊት የሚበር ነገር መጠርጠሩ ወደ እውነቱ ምን ያህል ተቀርቦ እንደ ነበር ያሳያል፤ የቀረው የበራሪው መጠን ብቻ ነው።

ቁስሉ አብዛኛውን ጊዜ በፊት ላይ፣ በጕንጭ፣ በአፍንጫና በጆሮ ላይ ነው፤ በእንቅልፍ ጊዜ ከልብስ ውጭ የሚሆነው እርሱ ነውና። ዝግ ብሎ ያድጋል፤ አያሳክክም፤ ብዙም አያምም፤ ከወራት ጀምሮ እስከ ጥቂት ዓመታት ቈይቶ በራሱ ይድናል። የዳነ ሰው ብዙ ጊዜ ዳግመኛ አይያዝም፤ ጠባሳው ግን ዕድሜ ልክ ይኖራል። ለሴት ልጅ ትዳር፣ ለተማሪ ልጅ በጓደኞቹ መካከል መዋል ከቁስሉ ይልቅ ጠባሳው ይበልጥ ይከብዳል። እዚህ ላይ ነው የመድኀኒት ዐዋቂውና የጸበሉ ነገር የሚመጣው። በራሱ የሚድን ሕመም ሐኪሙን ሁሉ ያስመሰግናል፤ ሕመምተኛው ከመዳኑ በፊት በመጨረሻ ያደረገው ነገር፣ ቅጠሉም ሆነ ጸበሉ፣ ሙገሳውን ይወስዳል። ጸበሉ ገላን አይጐዳም። የሚፋጅ ቅጠልና የቁልቋል ወተት ግን ከቁንጭሩ የባሰ ጠባሳ ይተዋሉ።

በትኩስ ብረት መተኮስ ደግሞ ለብቻው ሊታይ የሚገባው ነው፤ በዘመናዊ ሐኪሞች ዘንድ ያለ ምርመራ ሲነቀፍ ቈይቷልና። የሌሽማንያ ረቂቅ ነፍስ ከሌሎች ብዙ ረቂቅ ነፍሳት ይልቅ ለሙቀት ደካማ ናት፤ በፊትና በጆሮ ላይ መስፈሯም በከፊል እነዚህ የሰውነት ክፍሎች ቀዝቃዛ ስለሆኑ ነው ይባላል። በዚህም ምክንያት በዛሬው ሕክምና ቁስሉን በኤሌክትሪክ መሣሪያ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ ለ30 ሴኮንድ ማሞቅ ከታወቁት መንገዶች አንዱ ሆኗል። መርሑ የተኳሹ መርሕ ነው። ልዩነቱ የመጠን ነው፤ እስኪቀላ የጋለ ብረት ሙቀቱ ከ500 ዲግሪ በላይ ስለሆነ ረቂቋን ነፍስ ከነቈዳው ያጠፋታል፤ በዐይን ሽፋንና በአፍንጫ አጠገብም የሚያደርሰው ጉዳት በኋላ አይጠገንም። ተኳሹን ዝም በል ከማለት ይልቅ ብረቱን አስቀምጦ ሕሙማኑን እንዲልክ ማግባባት ይቀላል፤ እርሱ የፈለገው ሙቀት ሆስፒታል ውስጥ በልክ እንደሚገኝ ቢነገረው ሥራው እንደ ተናቀ አይቈጥረውምና። ከሙቀት ሌላ በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝና ስቲቦግሉኮኔት የተባለውን የአንቲሞን መድኀኒት መውጋት አሉ። የኋለኛው በሥጋ 28 ቀን ያህል በየዕለቱ የሚወጋ በመሆኑ፣ ከሩቅ መንደር ለመጣ ገበሬ የአንድ ወር ሥራ ማጣት ማለት ነው።

ነገሩ የሚከፋው የሰውነታቸው የመከላከያ ኀይል ረቂቋን ነፍስ ለይቶ ሊዋጋት በማይችል በጥቂት ሰዎች ላይ ነው። በእነርሱ ላይ አንዱ ቁስል ብዙ ይሆናል፤ ፊትና ጆሮ፣ ክንድና እግር በማይፈርጡ ጕብጕቦች ይሞላሉ፤ በራሱም አይድንም። ብራይሰን የተባለው እንግሊዛዊ ሐኪም በ1969 ስለዚህ ዐይነት ሕሙማን በኢትዮጵያ በዝርዝር ጽፏል። የፊታቸው መልክ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን መልክ ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል፣ የሥጋ ደዌ መድኀኒት ለዓመታት ያለ ጥቅም የወሰዱ፣ በዚያም ስም ከቤታቸውና ከማኅበራቸው የተለዩ ነበሩ። በ1878 የሃይማኖት ጉባኤ በተደረገበት በቦሩ ሜዳ ያለው ሆስፒታል ሁለቱንም ዐይነት ሕሙማን የሚቀበል ሲሆን፣ የአዲስ አበባው አለርት ሆስፒታልም በ1965 ለሥጋ ደዌ ተቋቁሞ የቁንጭር ሕሙማን መታከሚያ ለመሆን በቅቷል። መለያው ቀላል ነው። የሥጋ ደዌ ነርቭን ስለሚጐዳ ሕመምተኛው በቁስሉ ላይ የተነካውን ላባ አይሰማውም፤ የቁንጭር ሕመምተኛ ግን ይሰማዋል። ከዚያም ከቁስሉ ጠርዝ በምላጭ ጥቂት ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ሲታይ፣ የሌሽማንያዋ ክብ አካል ራሷ በሕዋሱ ውስጥ ትገኛለች።